የእንግሊዝኛ ወንፈል

ካሰች የተወለደችው ቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም ወረድ ብሎ ካለ መንደር ነው። ስፌት የለመደችው በገበያ ቀን አጎቷ የስፌት መኪና አጠገብ ተቀምጣ ክር በመርፌ እያሾለከች ነው። ዛሬ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ባለ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ የልብስ ስፌት አሠልጣኝ ናት። አሥራ አንድ ዓመት አስተምራለች። ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ ስትዘረጋ አንዴ ትለካለች፣ አንዴ ትቆርጣለች፤ የቆረጠችውን ደግማ አታስተካክልም። ከከተማው ልብስ ሰፊዎች ብዙዎቹ በእጇ ያለፉ ናቸው።

የጎደላት እንግሊዝኛ ነበር። ቃሉን እንኳ ታውቀዋለች፤ ኮላር፣ ፖኬት፣ ስሊቭ እያለች ነው የምታስተምረው። አንዱን ቃል ከሌላው አያይዛ ሐሳብ ማውጣት ነው ያቃታት። ሰላምታ እንኳ ከተመለሰላት በኋላ ቀጥላ የምትለው ይጠፋታል።

ለዓመታት ይህ ማንንም አላስቸገረም። ዘንድሮ በጥቅምት ግን አዳዲስ የኤሌክትሪክ ስፌት ማሽኖች እንደታሸጉ መጥተው መጋዘን ገቡ። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ዳኘው ሁለቱን አሠልጣኞች ቢሮው ጠርቶ ነገሩን አስረዳቸው። ባሕር ዳር ላይ የስድስት ወር ሥልጠና አለ። ለማሠልጠኛው የተሰጠው ቦታ አንድ ብቻ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። የሄደችው ተመልሳ የተማረችውን ለሌሎቹ ታስተላልፋለች፤ አዲሶቹም ማሽኖች በእሷ እጅ ይሆናሉ። የቀረችው በእግር ፔዳል በሚሠራው አሮጌ ማሽን ትቀጥላለች። ከጥምቀት በኋላ ፈታኞች ይመጣሉ፤ እያንዳንዷም በእንግሊዝኛ አጭር ትምህርት ሰጥታ ጥያቄ ትመልሳለች።

ሁለተኛዋ አሠልጣኝ ህይወት ናት። የቡሬ ልጅ ናት፤ ካሰችን በዐሥር ዓመት ታንሳለች። እናቷ መናኸሪያው አጠገብ አልጋ ያከራዩ ነበር። ፋብሪካ ሊተክሉ የመጡ የውጭ ሰዎች እዚያ ያርፉ ስለነበር ህይወት እንግሊዝኛውን ቁርስ እያቀረበች ለመደችው። ማሠልጠኛው ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው። ካሰችን «እትዬ» ትላታለች፤ ብትልም ግን «አንቺ» ነው የምትላት፣ እንደ ታላቅ እህት።

የካሰች ቅናት ከማሽኖቹ ቀድሞ የመጣ ነው። ሠልጣኞቹ ህይወትን መተላለፊያው ላይ ሲያገኟት «ሃይ ቲቸር» ብለው ይሳሳቃሉ፤ ካሰችን ሲያገኙ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ካሰች ይህን ለዓመታት አክብሮት ብላ ተቀብላው ኖራ፣ ህይወት ከመጣች ወዲህ መራቅ መሰላት። በሠልጣኞች ምረቃ ቀን ደግሞ ህይወት እንግዶቹን በእንግሊዝኛ ስትቀበል፣ የካሰች ባል አለበል አፉን ከፍቶ ሲያዳምጥ አየችው።

«ያች የቡሬዋ ልጅ፣ ስትናገር ወንዝ ነው እኮ የሚወርድ» አላት ማታ እራት ላይ።

«ወንዝ ሲያልፍ የሚተርፍ ድንጋይ ነው» አለችው። አለበል ወጡን አስጨመረ።

ከፈተናው በፊት ወራት ነበሯቸው። የስልክ ዳታ ከተቋረጠ ቆይቷል፤ ከስልክ ላይ ቪዲዮ እያዩ መማር የለም። ሐሳቡን ያመጣችው ህይወት ናት።

«እትዬ፣ ለምን ወንፈል አንገባም? አንድ ቀን አንቺ አስተምሪ፣ እኔ ፈታኝ ልሁን። በማግሥቱ ደግሞ በተራዬ።»

«አንቺ የከተማ ልጅ፣ ወንፈል የት ታውቂያለሽ?»

«ስሙን አውቃለሁ።»

«በስሙማ እኔም እንግሊዝኛን አውቀዋለሁ።»

ተሳሳቁና ተስማሙ። ካሰች ግን ወንፈልን ከስሙ አልፋ ታውቀዋለች። ዛሬ በእኔ ማሳ፣ ነገ በአንተ ማሳ ተባብሎ ጉልበት መበዳደር ነው፤ ሲመለስም በተሰጠው ልክ ነው። አባቷ ጤፍ ሲያሳርሙ ከረድፉ ኋላ እየተከተሉ ያዩ ነበር። በሰው ማሳ ላይ አረም ዘሎ የሚሄድን ሰው ሁለተኛ አይጠሩትም።

ቦታው ሠልጣኞች ከወጡ በኋላ ዎርክሾፑ ነው፤ ከአሥራ አንድ ሰዓት እስኪመሽ። ህይወት ከልብስ ቅድ ማውጫ የተረፈ ካርቶን ላይ የእንግሊዝኛ አባባሎችን በአማርኛ ፊደል እየጻፈች ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ንግግር መክፈቻ፣ ሐሳብን በትሕትና መቃወሚያ፣ ጊዜ መግዣ፣ ማጠቃለያ እያለች ለየቻቸው። ካሰች እንደ ቃል ትምህርት በጩኸት ያዘቻቸው። ባጃጅ ውስጥም ታነበንባለች።

«መምህርት፣ ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?» አላት ባለ ባጃጁ አንድ ቀን።

«ከፈታኝ ጋር።»

«የታለ?»

«መንገዱን እይ አንተ» አለችው። ከዚያ ስትወርድ «ታንክ ዩ፣ ሃቭ ኤ ናይስ ዴይ» አለችው፤ ምስጋናና መልካም ውሎ። ባለ ባጃጁ ሳቀ። ያለችውን ያለችው ግን ሳትደናቀፍ ነበርና እስከ ቤቷ ቀለል ብሏት ሄደች።

ዎርክሾፑ ውስጥ ግን አይቀላትም። ለፈተናው የመረጠችው የጃኬት ኪስ አወጣጥ ነው፤ ዓይኗን ጨፍና የምትሠራው።

«ፈርስት፣ ዊ ማርክ ዘ ፖኬት» ብላ ጀመረች በመጀመሪያው ቀን።

«ዋይ?» አለች ህይወት ከአግዳሚው ላይ ፊቷን ኮስተር አድርጋ።

«ምኑ ዋይ?»

«በእንግሊዝኛ፣ እትዬ። ለምን ቀድመን ምልክት እናደርጋለን? ሠልጣኙ ከምልክቱ ቢወጣስ? ጨርቁ የሚተረተር ቢሆንስ?»

«ይህን ማንም አይጠይቅም።»

«ከጠየቁስ? ጥያቄው ካልገባሽ ኩድ ዩ ሪፒት ዘ ኩዌስችን ፕሊዝ በይ፤ ይደግሙልሻል። ገብቶሽ መልሱ ከዘገየብሽ ደግሞ ዛትስ ኤ ጉድ ኩዌስችን፣ ሌት ሚ ቲንክ በይ። ጥያቄውን እያመሰገንሽ ታስቢያለሽ።»

«ጨንቆኝ ሳለ አመሰግናለሁ?»

«እነሱ እንደዚያ ናቸው መሰለኝ» አለች ህይወት፤ ቀጥላም ሌላ ጥያቄ ጠየቀች።

ካሰች ላቧ በጀርባዋ ወረደ። የህይወት የመጠየቅ ተራ በመጣ ቁጥር ጥያቄው ይበዛል፤ አንዱን ስትመልስ ከሥሩ ሌላው ይወጣል። «ልታዋርደኝ ነው» አለችው ለአለበል።

«ጠየቀችሽ እንጂ ምን አደረገችሽ?»

«አጠያየቋ ነው።»

የህይወት ትምህርት የጃኬት እጅጌ አገጣጠም ነበር። እንግሊዝኛው ይፈስሳል። ነገር ግን ካሰች በመጀመሪያው ቀን ጉድለቱን አየችው። የእጅጌው አናት ከሚገጠምበት የብብት ዙሪያ ሰፋ ተደርጎ ነው የሚቆረጠው፤ ተርፎ ይታያል። ህይወት ትርፉን በላላ ስፌት ሰብስባ አሳምራ ገጠመችው። ለምን እንደተረፈ ግን አልተናገረችም። አታውቀውም፤ ካሰች ከእጇ አያያዝ ለየችው። ጥያቄው በአማርኛ ብቻ አልነበረም የመጣላት፤ «ዋይ ኢዝ ዘ ስሊቭ ቢገር?» ብሎ በእንግሊዝኛ ተሰናድቶ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጠችው።

«ቬሪ ጉድ» አለች።

«ጥያቄ የለም?»

«ምን ይጠየቃል፣ አንቺ ጨርሰሽዋል።»

ህይወት ደስ ብሏት አንገቷን አቀፈቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካሰች የመጠየቅ ተራዋ በደረሰ ቁጥር ቀላል ቀላሉን ጠየቀች፤ የጨርቁ ቀለም፣ የክሩ ቁጥር፣ እባክሽ ድገሚልኝ። የህይወት ጃኬት ኮሌታና ኪስ ላይም ያየችውን ጉድለት ሳትናገር አለፈችው። ያለፈችውን ባለፈች ቁጥር ምስጋናዋ እየጨመረ፣ የእንግሊዝኛ ምስጋናዋም እየጠራ ሄደ። ኤክሰለንት ማለትን የለመደችው በዚያ ነው።

ፈታኞቹ ሦስት ሆነው መጡ። መሪያቸው ወይዘሮ ደስታነሽ አጠር ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ሥርዓቱን ተናገሩ፤ አንዷ ስታስተምር ሌላዋ ከጥቂት ሠልጣኞች ጋር እንደ ተማሪ ትቀመጣለች።

ካሰች ቀደመች። እንግሊዝኛዋ እያዘገመ ነው የሄደው። ነገር ግን አንደኛው ፈታኝ ጨርቁ የሚተረተር ቢሆንስ ብሎ ሲጠይቅ አልደነገጠችም፤ ይህን ጥያቄ አግዳሚው ላይ ሆና ህይወት ብዙ ቀን ጠይቃታለች። ጥያቄውን አመሰገነች፣ አሰበች፣ መለሰች። ሌላው የጠየቀው ሳይገባት ሲቀር አስደገመችው። ስትጨርስ ወይዘሮ ደስታነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። አግዳሚው ላይ ስትቀመጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦታው የእሷ መሰላት።

ህይወት ተነሣች። ክፍሉ ደመቀ። ሠልጣኞቹ ሳቁ፣ ፈታኞቹም ፈገግ አሉ። እጅጌውን ገጥማ ስትጨርስ ወይዘሮ ደስታነሽ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ጃኬቱ ጠጋ አሉና በእንግሊዝኛ ጠየቁ፤ የእጅጌው አናት ለምን ከብብቱ ዙሪያ ሰፋ?

«ዛትስ ኤ ጉድ ኩዌስችን» አለች ህይወት። ከዚያ በኋላ ያለው አልመጣም። ወደ አግዳሚው ዞረች። ጥሩ አስተማሪ ጥያቄን ወደ ተማሪ መወርወር ይችላል። ፊቷ ላይ ጭንቀት አልነበረም፤ መልሱ ማን ዘንድ እንዳለ ታውቃለች።

«እትዬ ካሰች፣ ኩድ ዩ ሄልፕ አስ?» አለች፤ እባክሽ አግዥን ማለቷ ነው።

መልሱ አጭር ነው። ካሰች በእንግሊዝኛም ትችለዋለች፤ ክንድ፣ መንቀሳቀስ፣ ቦታ፤ ከእነዚህ አያልፍም። የታሸጉት ማሽኖች በህይወት እጅ ሲከፈቱ ታያት።

«አይም ሶሪ፣ አይ ዶንት ኖው» አለች። አንዲት ቃል ሳትሰናከልባት ወጣላት።

ህይወት ጥቂት አየቻት። ከዚያም ወደ ፈታኞቹ ተመልሳ እሷም እንደማታውቀው፣ አብረው እንደሚፈልጉት በእንግሊዝኛ ተናገረች። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ አናቱንና ብብቱን ለካች። አንዷን ሠልጣኝ ጃኬቱን አልብሳ ክንዷን ወደ ፊት አዘረጋቻት፤ ክንዱ ሲሄድ ትርፉ ተፈትቶ ቦታ ሲሰጠው ሁሉም አዩት። ህይወት እያየች ያየችውን ተናገረች።

ወይዘሮ ደስታነሽ ከመውጣታቸው በፊት ካሰችን ለብቻዋ፣ በአማርኛ ጠየቋት።

«እጅጌ ስንት ዓመት አስተማሩ?»

«አሥራ አንድ።»

«ለምን እንደሚሰፋ አያውቁም?»

አላውቅም ብትል ሙያዋ ይወድቃል፣ አውቃለሁ ብትል እሷ ራሷ ትወድቃለች። ሜትሯን መጠቅለል ጀመረች።

«ቢያውቁም ባያውቁም ለእኛ አንድ ነው» አሉ ወይዘሮ ደስታነሽ መነጽራቸውን እያወለቁ። «የምንልከው ሰው ተመልሶ የሚያውቀውን የሚናገር ነው።»

ውጤቱን አቶ ዳኘው በሳምንቱ ነገራቸው። ባሕር ዳር የምትሄደው ህይወት ናት።

በዚያው ቀን ህይወት ዎርክሾፑ ድረስ መጣች። በሩ ላይ ቆመች እንጂ እንደ ወትሮው አልገባችም።

«ያውቁት ነበር» አለች።

ካሰች ቀና አለች። እርስዎ ተብላ ነው የተጠራችው፣ ፈታኞቹ ፊት እንኳ እትዬ ባለቻት ልጅ። ብትሰድባት ይቀላት ነበር።

«አውቀው ነበር» አለች።

«ምን በድዬዎት ነው?»

«ምንም። ቀንቼብሽ ነው።»

ህይወት ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን ካርቶኖች አየች። የምትወጣ መስላ ነበር። አልወጣችም።

«ሌላስ ያልነገሩኝ አለ?»

ካሰች መዋሸት ትችል ነበር። «አለ» አለች። «ኮሌታው ላይ አለ። ኪሱ ላይም።»

«ከመሄዴ በፊት ጥቂት ቀን ይቀረኛል። ነገ አሥራ አንድ ሰዓት እመጣለሁ።»

በማግሥቱ መጣች። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ ቀልድ የለ፣ ማቀፍ የለ። ካሰች ኮሌታውን አንሥታ ገለበጠችና ከሥር ያለውን ጨርቅ አሳየቻት። ስታሳይ ዓይኗ የልጅቱ ጣቶች ላይ ወደቀ፤ አዲሶቹን ማሽኖች የሚነኩት እነዚህ ናቸው። እጇ ግን ሥራውን አላቆመም።

«እዚያ ይህን ይጠይቁሻል» አለች። «የሥረኛው ጨርቅ ለምን ከላይኛው አነስ ተደርጎ ይቆረጣል ብለው። እስቲ መልሽ።»

«አላውቅም» አለች ህይወት። «ይንገሩኝ።»