ማንይታመናል

ውሻዬን ማንይታመናል ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የዛሬ ስምንት ዓመት ጎረቤቴ አጥሩን አንድ ክንድ ያህል ወደ እኔ ግቢ ገፋው። በእኛ አገር ቂም የያዘ ሰው ሁሉ ዳኛ ፊት አይቆምም፤ ለውሻው ስም ያወጣለታል። በየጠዋቱ «ማንይታመናል! ና እንጂ!» እያልኩ ስጣራ ሰውየው ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ሲበግን ደስ ይለኝ ነበር። በኋላ ቤቱን ለራዚያ ሸጦ ደሴ ገባ። የውሻው ስም ግን እዚሁ ቀረ፤ ራዚያ ስድቡን ከነአጥሩ ገዛችው።

ራዚያ ኩዌት ዘጠኝ ዓመት ሠርታ የተመለሰች ልጅ ናት። ሰላምታዋ መልካም ነው። እኔ ለተብርሃን ግን ሐይቅ ዳር አሣ ስቀርፍ ሃያ ሁለት ዓመት የሞላኝ ሴት ነኝ፤ በሰላምታ አልታለልም። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር ይባላል። እኔ ከገንፎም አግኝቼዋለሁ፣ ከአሣም አግኝቼዋለሁ።

ባሌ ከሞተ ወዲህ ግቢው ውስጥ ያለነው ሦስት ነን፤ እኔ፣ ማንይታመናልና አንዲት ጊደር። ጊደሯ የእርጅናዬ ጡረታ ናት፤ ጠባቂዋ ውሻው ነው። ጓሮ ተቀምጬ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ አሣዬን ስቀርፍ፣ ማን እንደመጣ የሚነግረኝ እሱ ነበር። ለባጃጅ አንድ ዓይነት ይጮኻል፣ ለለማኝ ሌላ ዓይነት፣ ለማያውቀው ሰው ደግሞ ከሆዱ አውጥቶ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ነገሩ ተበላሸ። አንድ ቀን ከሥራዬ ቀና ስል ራዚያ አጠገቤ ቆማለች። ውሻው ትንፍሽ አላለም።

«ተጣርቼ ነበር እኮ እትዬ» አለችኝ።

ሳይጠራ የገባ ሁሉ ተጣርቼ ነበር ነው የሚለው። ከሳምንት በኋላ ደግሞ የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰው እንዲሁ ከጀርባዬ በቀለ። ማንይታመናልን ዞር ብዬ ባየው፣ ሥራ እንደፈታ ጎረምሳ በሩ ላይ ቆሞ ያዛጋል። ድንጋይ ወረወርኩበት።

ሰዉም ተለወጠብኝ። ገበያ ላይ አብረውኝ የሚሸጡት ሴቶች ማንሾካሾክ ጀመሩ። ምን አላችሁ ስላቸው ይስቃሉ። ቄሱ እንኳ ስብከታቸውን ከፊት ለቆሙት ብቻ ማነብነብ አመጡ። ምን ቢደብቁኝ ነው እያልኩ እየተብከነከንኩ ከረምኩ።

ከዚያ ማንይታመናል የምሰጠውን የአሣ ጭንቅላት አሽትቶ መተው ጀመረ። ጠግቧል ማለት ነው። ማን አጠገበው? አንድ ከሰዓት በኋላ በቅንጭቡ አጥር መሃል አጮለቅኩ። ራዚያ ቧንቧው ሥር ቁጢጥ ብላ አንድ የብረት ሳህን በአፈር ታሻለች። ፈተገች፣ አለቀለቀች፣ እንደገና አለቀለቀች። ቆጠርኩላት፤ ሰባት ጊዜ። ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ያደግሁ ወሎዬ ነኝ፤ አንዴ በአፈር፣ በጠቅላላው ሰባቴ የሚታጠበው ውሻ አፉን የነከረበት ዕቃ መሆኑን ማንም አይነግረኝም። ለወጥ ድስት እንዲህ የሚደክም የለም።

ውሻ በበላበት ይጮኻል። የእኔው የሚበላው ከማዶ ሆኗል፤ ለዚህ ነው እኔ ዘንድ አፉን የዘጋው። ሊሰርቅ ያሰበ ሰው ደግሞ አስቀድሞ የሚያለምደው ውሻውን ነው። ጊደሬን ሊነዱብኝ ነው አልኩ።

አልዋሽም፣ አለቀስኩ። ሰው ባላምን እሱን አምኜ ነበር። የበላሁትን በልቶ፣ በታመምኩ ቀን ደጄ ላይ ተኝቶ የዋለ ውሻ በቁራሽ እንጀራ ሲለወጥ አንጀቴ ተቃጠለ። ግን የማይጮኽ ውሻ ምን ያደርግልኛል? ወንድሜ ፈንታሁን ከውጫሌ ወዲያ አምባሰል ውስጥ ያርሳል። ልደውልለት ብል ስልኬም ተበላሽቷል፤ ድምፁ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ሆኗል። ስለዚህ በገበያተኛ ላክሁበት፦ ቅዳሜ ና፣ ይህን ከሃዲ ወስደህ አንድ ቡችላ ስጠኝ።

ቅዳሜ ጠዋት እንደ ልማዴ ጓሮ ተቀምጬ ስቀርፍ አንድ እጅ ትከሻዬን ያዘኝ። ቢላዋው ከእጄ ወደቀ። ፈንታሁን ነው።

«አየህልኝ?» አልኩት። «እዚህ ከመጣህ ሦስት ዓመትህ፣ ባዳ ነህ ለሱ! ጓሮዬ ድረስ ስትገባ ዝም! ውሰድልኝ፣ ዓይኑን አልየው!»

ፈንታሁን አፍጥጦ አየኝ። ዱላውን እንደጨበጠ ነው፤ የጋቢው ጫፍ ተተርትሯል። ጎንበስ ብሎ ፊቴ ላይ ጮኸ፦

«ምን ዝም አለ ትላለሽ እታለም! ይቺ ልጅ ደርሳ ባትይዝልኝ በልቶኝ ነበር! አሁንስ ጆሯችንን እየበጠሰው አይደል?»

ዞር አልኩ። የጓሮው መግቢያ ላይ ራዚያ የቀሚሷን ጫፍ እጇ ላይ ጠቅልላ ማንይታመናልን በአንገቱ ማሰሪያ ይዛዋለች። አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል። እኔ ያዛጋል የምለው ይህንን ነበር።

ራዚያ ማሰሪያውን የጓሮው በር እንጨት ላይ አጥልቃ ጠጋ አለችኝና ጆሮዬ ሥር ጮኻ ነገረችኝ።

«ወላሂ እትዬ፣ ስንቴ ልነግርዎት ብዬ አፈርኩ። ጊደሯ ገመዷን በጥሳ አስፋልት ስትወጣ እሱ ይጮኻል፣ ይጮኻል፣ እርስዎ አይወጡም። በመጨረሻ እኔ በር ላይ መጥቶ ይጮኻል። ሦስቴ መለስናት፣ እኔና እሱ። ሲደክምለት አይቼ ነው ፍርፋሪ የሰጠሁት። እና ምን ልበልዎት? ጆሮዎ አይሰማም ልበል?»

ሁሉን ጠርጥሬ ነበር፤ ራዚያን፣ ገበያተኛውን፣ ቄሱን፣ ስልኩን። ጆሮዬን አልጠረጠርኩም።

ሄጄ ተንበረከክሁ። ቅርፊት የተለጠፈበት መዳፌን ጉሮሮው ላይ አሳረፍኩት። ፈንታሁንን እያየ ከሆዱ ያወጣዋል፤ ለማያውቀው ሰው የሚጮኸው ያ ጩኸት ነው። በመዳፌ ሥር ይንቀጠቀጣል። ስንት ወር እንዲህ ሲጮኽልኝ ኖሯል፣ እኔ ድንጋይ ስወረውርበት። ዕንባዬ መጣ፤ ማንም ይየኝ ብዬ ተውኩት።

ፈንታሁን ሊወስደው ያመጣውን ገመድ ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ ከተተ። እኔም ወደ ቤት ላስገባው ተነሣሁና ስሙን ልጠራ አፌን ከፈትኩ። ራዚያ ፊት ለፊቴ ቆማለች።

«ና» ብቻ አልኩት።