ድምፁ ሳይቋረጥ

ባለፈው ሳምንት ቢሮ ውስጥ አንድ ወጣት መሐንዲስ፣ «አዲሱን ቁጥር እንዲቀበል ፕሮግራሙን አጥፍተን እናስነሳዋለን፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው» አለኝ። ፈገግ አልኩ። ይህንኑ ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ጅማ፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ፈገግ አላልኩም።

እኔ ከደብረ ብርሃን የሄድኩ ሴት ተማሪ ነበርኩ። ጅማ ስደርስ ከሰው በፊት የተዋወቅኩት ከጭቃው ጋር ነበር። የመመረቂያ ሥራዬን አብሮኝ የሚሠራው ነጂብ ደግሞ እዚያው ጅማ አጠገብ ያለችው የሰቃ ልጅ ነው። አባቱ በአካባቢያቸው የታወቁ ሽማግሌ ነበሩ፤ የተጣላ ሁሉ ወደ እሳቸው ይመጣል። ኋላ ግን ጆሯቸው ደከመ። ወፍራሙን ድምፅ ይሰማሉ፣ ቀጭኑ ይጠፋባቸዋል፤ የሰው ንግግር ማጉረምረም ብቻ ሆኖ ይደርሳቸዋል። «ያልሰማሁትን እንዴት እፈርዳለሁ?» ብለው ሽምግልናውን ተዉት።

ያሰብነው ቀላል ነበር። ማይክሮፎን ከላፕቶፕ ጋር እናገናኛለን፤ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የጻፍናት ትንሽ የኮድ ክፍል፣ ብሎክ የምንላት፣ ቀጭኑን ድምፅ ከፍ አድርጋ ወደ ጆሮ ማዳመጫው ትልከዋለች። ምን ያህል ከፍ እንደሚል የሚያውቀው የእሳቸው ጆሮ ብቻ ስለሆነ፣ እየሰሙ የምናስተካክልበት፣ ወዲያና ወዲህ የሚሳብ መጎተቻ ስክሪኑ ላይ አደረግን።

ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ መንገዱን ማቅላት ሲጀምር፣ በሚኒባስ ሰቃ ሄድን። የነጂብ እናት ማንጎ አቀረቡልን። ነጂብ ማዳመጫውን በአባቱ ጆሮ ላይ አድርጎ መጎተቻውን ከዳር እስከ ዳር ሳበው።

«ተለወጠ እንዴ?» አሉ አባቱ።

«አዎ አባ።»

«ያው ነው። አታባብሉኝ ልጆቼ።» ማዳመጫውን አውልቀው ወደ ጓሮ ወጡ።

ጅማ ተመልሰን ስንነግራቸው አማካሪ መምህራችን አልተገረሙም። «አንድ ቁጥር ምረጡና እዚያው ይቁም። ሌላ ካስፈለገ አጥፍታችሁ አስነሱ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

«መምህር፣ አባቱ እየሰሙ ካልሆነ የትኛው እንደሚሻላቸው በምን ያውቃሉ?»

«በመመረቂያው ፈተና ቀን ቢበላሽ ነጥባችሁ ይሄዳል።»

«ይሂድ!» አልኩ። ነጂብ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ።

ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር በተከራየሁት ክፍል፣ ጣሪያው በዝናብ እየተንጫጫ፣ ኮዱን መስመር በመስመር አነበብነው። ጥፋቱ የእኛው ነበር። ብሎኳ ስሌቷን የምትሠራው ስትነሳ አንዴ ብቻ ነው። መጎተቻው ሲንቀሳቀስ አዲሱ ቁጥር ይደርሳታል፤ «እንደገና አስሊ» የሚላት ግን የለም። ቁጥሩ በተለወጠ ቁጥር እንድታሰላ አደረግን። ድምፁ ተለወጠ! ግን በእያንዳንዱ ለውጥ ጆሮ ላይ ጧ ይላል።

«ይህን በአባቴ ጆሮ ላይ አላደርግም» አለ ነጂብ። አሁን እሱም እንደኔ እልኸኛ ሆኖ ነበር።

ጧታው የመጣው ቁጥሩ በሥራ መሃል ስለሚለወጥ፣ እኛም ስላለፈው ድምፅ ያላትን ትዝታ በየለውጡ ስለምናጠፋባት ነው። ስለዚህ አዲሱ ቁጥር ደጅ ቆሞ እንዲጠብቅ አደረግን። ብሎኳ በእጇ ያለውን የድምፅ ቁራጭ ትጨርሳለች፤ ቀጣዩን ስትጀምር አዲሱን ትቀበላለች፤ ያለፈውንም አትረሳም። ጧታው ጠፋ።

ሰቃ ተመለስን። «ጨምር... ጨምር... ተው፣ ትንሽ መልስ። ጋሪዳ!» አሉ አባቱ፤ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። ይኼኔ እናቱ ከበሩ ማዶ ለልጃቸው፣ «ይቺ ልጅ ዛሬም ማንጎውን አልነካችም» ሲሉ አንሾካሾኩ።

«ታዲያ ምን ያንሾካሹክሻል? ቁረጪላት!» አሉ አባቱ።

እናቱ ቢላውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ከዚያ፣ «አልሐምዱሊላህ» አሉና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

በፈተናው ቀን መምህራችን፣ «መጎተቻውን እንዳትነኪው» አሉኝ። በፈታኞቹ ፊት፣ ድምፁ እየሄደ፣ ከዳር እስከ ዳር ሳብኩት፤ መለስኩትም። አልተቋረጠም። ነጥባችን ግን ዝቅ ብሎ መጣ፤ ምክር አልሰሙም ተባልን።

በዚያ ክረምት የነጂብ አባት በቡና ማሳ ወሰን የተጣሉ ጎረቤታሞችን ሊያስታርቁ ተቀመጡ፤ ላፕቶፑ በርጩማ ላይ፣ ሽቦው ከጆሯቸው። ሰው ሳቀ። «ይሳቁ» አሉ፣ «እኔ እየሰማሁ ነው።»

ዛሬ ፀጉሬ ሸበት ጣል አድርጎበታል፤ አለቆቼም አስቸጋሪ ናት ይሉኛል። ይበሉ። ማሽን እንዲመቸው ሰው ይጠብቅ የሚለውን ምክር ግን፣ ከዚያ ወጣት መሐንዲስም ቢመጣ፣ አሁንም አልቀበልም።