የፓምፕ ቤቱ ፈተና

ወልድያ ላለው ድርጅታችን የፓምፕ ጥገና መሐንዲስ ስንፈልግ ክፍት የሥራ ቦታው አንድ ነበር። አመልካቹ ግን ቢሮውን ሞልቶ ደረጃው ላይ ተርፏል። የሁሉም ውጤት ያስቀናል። እኔ ደግሞ በወረቀት ውጤት የምረታ ሰው አይደለሁም፤ ኤሌክትሪክ ዲግሪ አይቶ አይምርም። ስለዚህ የተሻሉትን መርጠን መርሳ ወዳለው ፓምፕ ቤት ይዘናቸው ሄድን።

ከመካከላቸው አንዲት የውርጌሳ ልጅ ነበረች። ሥራውን ለምን እንደፈለገችው ስንጠይቃት፣ «ካልተቀጠርኩ ጂዳ ነው። እህቴ የሰው ቤት ሥራ አግኝታልኛለች፤ ፓስፖርቴም ወጥቷል» አለች። ያን ሁሉ ዓመት ምህንድስና ተምራ የሰው ቤት ልትጠርግ! አንጀቴን በላችው። ቢሆንም ፈተናው ለሁሉም ያው ነው።

የፓምፕ ቤቱን ጥበቃ፣ ሽማግሌውን አባባን፣ አስቀድሜ ለምኛቸው ነበር። ዋናውን ኃይል አቋርጬ ማንንም የማይጎዳ የባትሪ ኃይል ብቻ መስመሩ ላይ ትቻለሁ። እሳቸው ተፈታኙ ሲገባ «ልጄ፣ አጥፍቼዋለሁ» እንዲሉልኝ ነው የፈለግሁት። ቅር እያላቸው፣ «ወላሂ ብዬ ግን አልምልም» ብለው እሺ አሉኝ።

እኛ ዘንድ ሽማግሌ አጥፍቻለሁ ካለ ጠፍቷል። ማን ደፍሮ «እስቲ ልየው» ይላል? አንዱም አላለም። የኤሌክትሪክ መለኪያው አጠገባቸው ተቀምጦ፣ «እሺ አባባ፣ ያቆይልን» እያሉ በባዶ እጃቸው ሽቦውን ጨበጡት።

የልጅቷ ተራ ሲደርስ በሩ ላይ ቆመች። «አባባ፣ አውፍ ይበሉኝ፤ እርስዎን ሳላምን ቀርቼ አይደለም» አለችና መለኪያውን አንስታ ለካች።

«ኃይል አለው» አለች፣ ወለል ወለሉን እያየች።

ኋላ መኪና ውስጥ ስንመካከር የሰው ኃይል ኃላፊያችን፣ «ለሽማግሌ ክብር የላትም፤ ከሠራተኛ ጋር አትስማማም» ብሎ ድርቅ አለ። ደሜ ፈላ። አፌን ሳልከፍት አባባ መስኮቱ ጋ መጡ።

«የእናንተን አላውቅም» አሉ። «እኔ ግን ስንቱን የሰው ልጅ ወደ ሞት ስልክ ዋልኩ። ከወንጀል ያዳነችኝ እሷ ብቻ ናት።»

ኃላፊው የቅጥር ወረቀቱን አውጥቶ ስሟን ጻፈ።

ጂዳ ቀረ። አሁን ለጥገና ስትመጣ ማብሪያ ማጥፊያውን የሚያጠፉት አባባ ራሳቸው ናቸው። ጠፍቷል ግን አይሏትም። መለኪያውን አቀብለዋት እስክትለካ ድረስ በሩ ላይ ይቆማሉ።