አስተናጋጅ ፍለጋ

ሥራው ተርብ መለየት ነው። ተናዳፊውን እንዳይመስላችሁ፤ ሰሊጥ የምታክለውን፣ እንቁላሏን ሕይወት ባለው አባጨጓሬ ሆድ ውስጥ የምትጥለውን ጥቁሯን ነው። ልጆቿ አባጨጓሬውን ከውስጥ እየበሉ ያድጉና ቆዳውን ቀደው ይወጣሉ። ምስኪኑ ቶሎ እንኳ አይገላገልም! ሰውዬው በሚሠራበት ሙዚየም ጠባብ ክፍል አጉሊ መነጽር ላይ ተደፍቶ ዕድሜውን ስለፈጀ ባልደረቦቹ «ተርቤ» ይሉታል። ክሳቱን ያየ እንግዳ ደግሞ ስሙን ሲሰማ ምሳ ሊጋብዘው ይነሳል።

እሱ የሚያጠናትን ተርብ ከሌሎቹ የሚለያት ክንፏ ነው፤ በሌሎቹ ክንፍ ላይ ትንሽ ዝግ ክፍል ያለችበት ቦታ፣ የሷ ጅማት ሳይገጥም ክፍት ይቀራል። እንቁላል መጣያዋም አጭር ናት፣ ከሆዷ ጫፍ እምብዛም አትወጣም። ይህን በእንቅልፍ ልቡም ያውቀዋል። ያላወቀው፣ የትኛው አባጨጓሬ ውስጥ እንደምታድግ ነው። እሱ ጋ የምትደርሰው ወጥመድ ገብታ፣ ሞታ፣ አልኮል ውስጥ ተዘፍቃ ነዋ! ልጆቿ የሚበሉት አባጨጓሬ በሙያው ቋንቋ «አስተናጋጅ» ይባላል። ጡረታ ሳይወጣ አስተናጋጇን ማግኘት ነበር የዕድሜ ልክ ምኞቱ፤ ለዚህ ሲል ያልገባበት ጫካ የለም። ሚስቱ «ባሌ አስተናጋጅ ፍለጋ ሄዷል» ብትል ጎረቤቷ፣ «ውይ፣ የእህቴ ልጅ ሥራ ፈታ ተቀምጣለች! ሆቴል ከፈታችሁ እንዴ?» አለች።

ጡረታው ሲቃረብ ሚስቱን ወገቧን አመማት።

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬስ ጓሮ ውጣና ጎመኔ ላይ ያለውን የትል እንቁላል ጨፍልቅልኝ» አለችው።

እያጉረመረመ ወጣ። ቅጠሉ ላይ ቢጫ ጥጥ የመሰሉ ፍሬዎች ተከምረዋል። በአውራ ጣቱ ይደፈጥጥ ጀመር፤ ሲሰለቸው ቅጠሉን እየቀነጠሰ በጫማው ረገጠው። የመጨረሻውን ቅጠል ሲያነሳ አንዷ ፍሬ ተከፈተችና ጥቁር ነገር ብቅ አለች። ከትል እንቁላል ደግሞ ክንፍ ያለው ነገር መቼ ይወጣል? ከኪሱ ማጉያውን መዘዘ። ጅማቷ ክፍት፣ መጣያዋ አጭር። አጠገቧ አንድ የጎመን አባጨጓሬ ቆዳው ተበሳስቶ ተጋድሟል። እንቁላል የተባለው ፍሬ ሁሉ፣ ልጆቿ ከአባጨጓሬው ከወጡ በኋላ የተጠቀለሉበት ድር ነበር።

እልል ሊል ቃጣው። ጫማው ስር ያለውን ሲያይ ግን እግሩን ቀስ ብሎ አነሳ፤ ተርቧን በእፍኙ ይዞ እየሮጠ ገባ።

«ይሄን መጨፍለቅ ከጀመርሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ከተጋባን ጀምሮ ነዋ!»

«እንቁላል ነው ያለሽ የትኛው ደንቆሮ ነው?»

ሚስቱ ትራሷን ተደግፋ ትክ ብላ አየችው።

«ሙሽራ ሳለሁ ቅጠሉን ይዤ ቢሮህ ድረስ መጥቼ አልነበር? ዞር ብለህ እንኳ ሳታየኝ፣ ‹የትል እንቁላል ነው፣ ጨፍልቂው፤ ሥራ አታስፈቺኝ› ያልከኝ አንተ!»