የአባቴን ድምፅ የሚይዝ ካሜራ

ሐኪሙ የተናገረው በፈረንሳይኛ ነበር። አባቴ ፈረንሳይኛ ከእኔ ይበልጥ አጥርቶ ያውቃል፤ የዚያን ዕለት ግን እንዳልሰማ ሆኖ ወደ እኔ ዞረና «ምን አለ?» አለኝ። በአማርኛ መንገር ነበረብኝ። ጉሮሮው ላይ የወጣው ነገር ድምፅ የሚሰጠውን ክፍል ይዞታል፤ ክፍሉ ተቆርጦ ይወጣል፤ ቢተርፍም ከዚያ በኋላ አይናገርም። ቀዶ ጥገናው ከስምንት ቀን በኋላ ነው።

ቤታችን ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። እናቴ ከሞተች ቆይታለች። ከእሷ የቀረን ፎቶ ከመታወቂያዋ ላይ ተወስዶ እንዲተልቅ የተደረገ፣ አይኖቿ የማይለዩበት ነው። ለቅሶዋ ላይም ጠረጴዛ ላይ የቆመው እሱ ነበር። አባቴ ያንን ፎቶ አይቶት አያውቅም ማለት ይቻላል፤ በፊቱ ሲያልፍ ዞር ይላል።

ከሐኪም ቤት ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ በሻከረ ድምፁ «ካሜራ ግዢ» አለኝ። «እንደ እናትሽ መሆን አልፈልግም። ለለቅሶ የሚሆን ደህና ፎቶ አንሺኝ።»

«የምን ለቅሶ ነው አባዬ? ድምፅህን ነው የምፈልገው። ቪዲዮ እቀርጽሃለሁ።»

«ድምፄ ምን ያደርግልሻል? ፎቶ ነው ያልኩሽ።»

ታክሲው መጣ፤ በሩን ከፍቼ አስገባሁት።

በስልኬ ሞከርኩ። ጅቡቲ ከተማ ሃያብለ ሰፈር ያለው ቤታችን ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ በሐምሌ ሙቀት ስልኬ ጥቂት ደቂቃ ቀርጾ ይግልና ይዘጋል። የቀረጸውን ስሰማው ደግሞ የቬንትሌተሩ ጩኸት የአባቴን ድምፅ ውጦታል። ቬንትሌተሩን ላጥፋው ብል የታመመ ሰው በዚያ ሙቀት እንዴት ይቀመጣል? ፎቶውም ቢሆን ጉንጩን ሰም አስመስሎ አለስልሶ አወጣው። አባቴ አይቶት «ይሄ ማን ነው?» ብሎ ስልኩን መለሰልኝ።

እኔ ወደብ አካባቢ አንድ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ የዕቃ ሰነድ የማዘጋጅ ሴት ነኝ፤ ስለ ካሜራ የማውቀው ነገር አልነበረም። ሁለት ቀን ሙሉ በሥራ ሰዓት ተደብቄ ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ዋልኩ። አንዱ ለፎቶ የሚያመሰግነውን ካሜራ ሌላው ለቪዲዮ ያጣጥለዋል። ማታ ቤት ስገባ የአባቴ ድምፅ ከጠዋቱ ቀጥኖ አገኘዋለሁ። ሦስተኛው ቀን አርብ፣ የጅቡቲ የዕረፍት ቀን ሆነና ሱቅ ተዘጋ። በአራተኛው ቀን ለምርመራ ስንመላለስ ዋልን። አምስተኛው ቀን ላይ ከቢሮ ወጥቼ ከማዕከላዊ ገበያ ጀርባ ወዳለ የካሜራ ሱቅ ሮጥኩ ማለት ይቻላል።

ባለሱቁ ድሬዳዋ ያደጉ ሐረሪ ሽማግሌ ናቸው። ሰላም ስላቸው የአማርኛ ድምፀቴን ሰምተው «አንቺ፣ ነይ ግቢ፣ ላብ በላብ ሆነሻል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ፎቶም ቪዲዮም አሳምሮ የሚያነሳ ካሜራ እፈልጋለሁ።»

«ለሠርግ ነው?»

ለምን እንደሆነ ስነግራቸው እጃቸውን ከባንኮኒው መስታወት ላይ አነሱ። ከዚያ ሁለት ካሜራ አወጡ። «ይኼኛው ፎቶው አንደኛ ነው። የቆዳውን መስመር ሳይቀር ያወጣዋል። ቪዲዮ ላይ ግን በዚህ አገር ሙቀት ይግላል። ይኼ ሁለተኛው ውስጡ ማቀዝቀዣ አለው፤ ሲቀርጽ ይውላል። ፎቶው ከዚያኛው ትንሽ ያንሳል።»

«ሁለቱንም እኩል የሚያደርግ የለም?»

«አለ፤ እኔ ጋ የለም። ካዘዝኩት በወሩ ይመጣል።»

ወር! እንባዬ መጣ። ባለሱቁ ሁለቱንም ካሜራ ይዘው ወጥተው ከሱቁ በር ላይ ፀሐይ ውስጥ አስቀመጧቸውና መቅረጽ አስጀመሯቸው። ቆመን ጠበቅን። ፎቶው አንደኛ የተባለው ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ጠፋ። ሁለተኛው አላቋረጠም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉኝ። «ከፎቶውና ከድምፁ አንዱ ቢጎድል የቱ ነው የሚያንገበግብሽ?»

«ድምፁ።»

«በቃ፣ ይኼን ውሰጂ። ፎቶውን በመስኮት ብርሃን አንሺው፣ ያምራል። ይቺን ማይክ ደረቱ ላይ ሰክተሽ የጆሮ ማዳመጫውን አድርጊ። ሳትሰሚ እንዳትቀርጪ።»

በማግሥቱ ቅዳሴ መሄጃ ኮቱን አባቴ በዚያ ሙቀት ለበሰው። ከመስኮቱ አጠገብ አስቀምጬ አነሳሁት። ስክሪኑ ላይ ረጅም ጊዜ አየውና «ይሄ ይሁን» አለ። የፈለገውን ስላገኘ ነው መሰለኝ፣ ኮቱን አውልቆ «በይ እሺ፣ ምን ላውራልሽ?» አለኝ።

«ባቡሩን» አልኩትና ማይኳን ደረቱ ላይ ሰክቼ መቅረጽ ጀመርኩ።

አያቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። አባቴ ልጅ ሆኜ ሲያስተኛኝ ጣቢያዎቹን ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ በተራ ይጠራልኝ ነበር። አሁንም ጠራቸው፤ ሆልሆል፣ አሊ ሳቢህ፣ ደወሌ፣ አይሻ። በየጣቢያው ምን ይሸጥ እንደነበር፣ እናቴን የትኛው ፉርጎ ውስጥ እንዳያት፣ ሰላም ለማለት ፈርቶ ስንት ጣቢያ እንዳለፈ ነገረኝ። ውሃ እየጠጣ፣ እየሳለ፣ አርባ ደቂቃ ያህል አወራ። ስቄ አልቅሼ ሰማሁት። የጆሮ ማዳመጫው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ትዝም አላለኝ።

ሲጨርስ ከፈትኩት። ፊቱ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። ድምፁን እስከ መጨረሻው ጨመርኩ። ወደ ፊት አሳለፍኩ፣ መለስኩ። የለም። ማይኳ የራሷ ማብሪያ ነበራት፤ አላበራኋትም።

አባቴ ፊቴን አይቶ ገባው። «ተዪው፣ እንደገና እነግርሻለሁ» ሊለኝ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነበር። ያቺን የቀረችውን ድምፅ ለእኔ ሲል ጨርሷት ኖሯል። ወጥ ቤት ገብቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ካሜራውን ግድግዳው ላይ ልፈጠፍጠው አስቤ እንደነበር አልደብቅም። የጨረስኩት እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ የጨረስኩት እያልኩ ጉልበቴን ደበደብኩ።

በማግሥቱ ሐኪም ቤት አስተኙት። አንዲት ቃል እንዳይናገር ታዘዘ። የቀዶ ጥገናው ጠዋት አልጋውን ሊገፉት ሲሉ ግን በጣቱ ቦርሳዬን አመለከተኝ። ካሜራውን አወጣሁ። ማይኳን ትቼ በራሱ በካሜራው ድምፅ መቅጃ ጀመርኩ፤ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ።

«ቤቱን ቆልፈሻል?» አለ። ሳይናገር በማረፉ የተመለሰችለት ድምፅ ከሹክሹክታ ትንሽ ከፍ ትላለች። «ጋዙንስ ዘግተሽዋል? ምግብ ብዪ። ትናንትም አልበላሽም።» ከዚያ ትንፋሽ ሳበና፣ «አላጠፋሽም። ሰማሽኝ? ምንም አላጠፋሽም» አለኝ። ነርሷ ሰዓቷን እያየች ቆማ ነበር። ሦስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

ቀዶ ጥገናው ሰባት ሰዓት ፈጀ። ኮሪደሩ ላይ ሆኜ ቅጂውን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም፤ ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ።

አባቴ ተርፏል። አሁን አንገቱ ላይ ባለች ቀዳዳ ይተነፍሳል፤ የሚፈልገውን ይጽፍልኛል። ከወራት በኋላ ቅጂውን አንድ ጊዜ አሰማሁት። አይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማና እስክሪብቶ ጠየቀኝ። «ሁለተኛ እንዳታሰሚኝ» ብሎ ጻፈ፤ ወረቀቱን አጣጥፎ እጄ ውስጥ አስቀመጠውና ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ።