አባቴ በውል የመጣባቸው ቅዳሜዎች

ሰባት ዓመት ሲሆነኝ አባቴ ሥራውን ወደ ቴፒ አዛውሯል ተባልኩ። ወላጆቼ ከጉራጌ አገር መጥተው ሚዛን ተፈሪ የሰፈሩ ካቶሊኮች ናቸው። እናቴ ገበያው አጠገብ የጨርቅ ሱቅ አላት፤ አባቴ ደግሞ ቡና ገዝቶ የሚሸጥ ሰው ነበር። ቴፒ ዳር መሬት አገኘ፣ ቡና ተከለ፣ እዚያው ቤት ሠራ። ከዚያ በኋላ ወደ እኛ የሚመጣው በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ሆነ። እሑድ አብረን ቅዳሴ እንሄዳለን፣ አምስታችን በአንድ መቀመጫ እንደረደራለን፣ ምሳ በልቶ በሚኒባስ ይመለሳል።

ሁለቱ ወንድሞቼ ከእኔ በጣም ስለሚበልጡ ቅዳሜን እንደ እኔ አይጠብቁም ነበር። እኔ ግን ከበሩ አልጠፋም። ሙዝ በማዳበሪያ ተሸክሞ ይገባል፤ ኮረሪማውን ለእናቴ ይሰጣትና ደብተሮቼን ያስወጣኛል። ከዚያ የተሰበረ ነገር ይፈልጋል። የበር ማጠፊያ ይጠግናል፣ የሚያፈስ ቆርቆሮ ይደፍናል። ማታ ሳሎን ይተኛል። ሳላንኮራፋባት እናትሽ ትተኛ፣ ይለኝ ነበር፤ እኔም አምኜ ነበር።

አንድ ክረምት መንገዱ በጭቃ ተይዞ መኪና ቆመ። እሱ ግን ግማሹን መንገድ በእግሩ መጥቶ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ገባ። እናቴ ውኃ አቀረበችለት፤ አንድም ቃል አልተነጋገሩም። እኔ በሚቀጥለው ሰኞ ለክፍል ጓደኞቼ ነገርኳቸው። የአንዷ ጓደኛዬ ወላጆች በፍርድ ቤት ተፋትተው ነበርና፣ የእኔ አባት እንዲህ ነው ብዬ እሷ ፊት መኩራቴን ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ቤታችን እንግዶች ነበሩ። ነጥቤ ያሰብኩት ቦታ አላደረሰኝም። አባቴ በእንግዶቹ ፊት፣ ለአንድ ዓመት ቴፒ ከእኔ ጋር ሆና እየሠራች እንደገና ትፈተን፣ አለ። እኔ የግል ኮሌጅ ገብቼ ፋርማሲ ለመማር ቆርጬ ነበር። አፌን ከፍቼ፣ «አንተ እዚህ ቤት እንግዳ ነህ፤ በእኔ ጉዳይ ምን አገባህ?» አልኩት።

አባቴ እናቴን አያት፤ እናቴ ወደ መሬት አየች። በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ምሳ ሳይበላ ሄደ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም። ስልክ ሲነሳ ሥራ በዛብኝ ይላል፤ ድምፁ ቁጣ የለበትም፣ ይህ ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ። መስቀል ደረሰ፤ ክትፎው ተሠራ፣ ቆጮው ቀረበ፣ አባቴ የለም። ያን ቀን እናቴን በእኔ ምክንያት ነው አይደል፣ ብዬ ጠየቅኋት። ሳህን እየደረደረች ነበር። ቀና ሳትል፣ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። እኔም ከዚያ በኋላ ሌላ ምክንያት አልፈለግሁም።

ዓመት ሊሞላው ሲል ወደ ክርስትና አባቴ ሄድኩ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ፊደል ያስቆጠሩኝም እሳቸው ናቸው። አባቴን በቃሌ አስቀይሜ ከቤት አስቀረሁት፣ አስታርቁኝ፣ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ፣ እሺ፣ ሰው ይዤ እሄዳለሁ፣ አሉኝ።

ሁለት ሽማግሌ ጨምረው ቴፒ ወሰዱኝ። አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። የክርስትና አባቴ ከግቢው ድንጋይ አንስተው አንገቴ ላይ አደረጉልኝ፤ ተንበርክኬ፣ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ፣ አልኩት። አባቴ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ተነሥቶ ድንጋዩን በገዛ እጁ አወረደልኝና፣ «ይቅር ብዬሻለሁ ልጄ፤ እግዚአብሔርም ይቅር ይበልሽ» አለ። ሽማግሌዎቹ መረቁን። ምሳ በላን፤ ሙዝ አሸክሞ ሸኘን።

ግን ወደ ቤት አልተመለሰም። በዓመት አንድ ሁለቴ፣ ለለቅሶ ወይም ለሠርግ ሲመጣ፣ ብቅ ይላል። በአፉ እንጂ በልቡ አልማረኝም ብዬ ደመደምኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳላሰልስ እደውልለት ነበር። ፋርማሲ ተምሬ ጨረስኩ፣ ሚዛን አጠገብ ባለችው አማን አንድ መድኃኒት ቤት ተቀጠርኩ፤ ከሰው ጋር ስነጋገር ቃል መምረጥ ልማዴ ሆነ። ደንበኛ ቢሰድበኝ እንኳ አልመልስም። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ እንደዚህ ትዕግሥተኛ ሰው አላየሁም ስትለኝ፣ ትዕግሥት አይደለም፣ አንድ ጊዜ ተናግሬ ያጣሁትን አይቼ ነው፣ አልኳት።

እንግዳ ነህ ካልኩት ቀን ወዲህ ስድስት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ባለፈው ዓመት እናቴ የቤቱን ካርታ ማሳደስ ፈለገች። ጉልበቷን ስለሚያማት ውክልና ሰጥታኝ ማዘጋጃ ቤት የሄድኩት እኔ ነኝ። መዝገብ ቤት ያለችው ሠራተኛ ፋይሉን አውጥታ ገለጥ ገለጥ አደረገችና፣ የአባትሽም ፊርማ ያስፈልጋል፣ አለችኝ። አባቴ ቴፒ መሆኑን ነገርኳት። «እሱ ችግር የለውም። ተለያይተው ቢኖሩም ቤቱ በስምምነታቸው የጋራ ነው» አለች።

የምን ስምምነት እንደሆነ ጠየቅኋት። የማውቅ መስሏት ፋይሉን ወደ እኔ አዞረችው።

በእጅ የተጻፈ ነበር። ጽሕፈቱን ከርዕሱ ነው የለየሁት፤ የክርስትና አባቴ እጅ ነው። «ተለያይቶ ለመኖር የተደረገ የባልና ሚስት ስምምነት» ይላል። ሠራተኛዋ ፊቴን አይታ ይመስለኛል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ፍቺ እኮ አይደለም፣ ሕጉ የሚፈቅደው ነው፣ ሳይፋቱ ለየብቻ መኖር ነው፣ ብላ ታስረዳኝ ጀመር። እኔ እያነበብኩ ነበር። ጋብቻው እንደጸና ይቆያል። ቤቱና ሱቁ ከእናት ጋር፣ የቴፒው መሬት ከአባት ጋር ሆኖ ንብረቱ ግን አይከፋፈልም። አንዱ በሌላው ላይ ሌላ ትዳር አይመሠርትም። አራተኛው ተራ ቁጥር ላይ እንዲህ ይላል፦ «ባል፣ የመጨረሻዋ ልጅ አሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላት ድረስ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ መጥቶ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይመለሳል።» አምስተኛው አጭር ነው። «ልጆች ይህን ስምምነት እንዲያውቁ አይደረግም።»

የመጨረሻዋ ልጅ እኔ ነኝ። እንግዳ ነህ ያልኩት ቀን አሥራ ስምንት ዓመት ከሞላኝ ሁለት ሳምንት አልሆነውም ነበር።

ከታች የሁለቱ ፊርማ አለ፤ የሦስት ምስክሮች ስምም አለ። የመጀመሪያው የክርስትና አባቴ ናቸው። ፋይሉን መለስኩላትና አመስግኜ ወጣሁ። ባጃጅ መጥራት አቅቶኝ እስከ ሱቁ በእግሬ ሄድኩ።

እናቴ ጣቃ እየጠቀለለች ነበር። ሱቅ ውስጥ የነበረችው ገዢ እስክትወጣ ጠብቄ ወረቀቱን ማየቴን ነገርኳት። እጇ አልቆመም። ስትናደድ ወይም ስትፈራ ወደ ጉራጊኛ ትዞራለች፤ ያን ቀንም በጉራጊኛ ጀምራ ወደ አማርኛ መጣች። ምክንያቱን ያኔ ነው የሰማሁት። የአባቴ እናት ታመው ከአገር ሲመጡ እናቴ ቤቴ አላስገባም አለች፤ ሦስት ልጅና ሱቅ ይዤ በሽተኛ ማስታመም አልችልም አለች። አባቴ እናቱን ይዞ ቴፒ ሄደ። በዓመቱ ሞቱ። ከዚያ በኋላ በአንድ ጣራ ሥር መኖር አልተቻለም። ጋብቻቸው የቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ፍቺ የሚታሰብ አልነበረም፤ እናቴም ከቁርባን መራቅ አልፈለገችም። የክርስትና አባቴ ናቸው ይህን መንገድ ያሳዩአቸው። ለእናንተ ብለን ነው፣ አለችኝ።

ይህን ሁሉ መስማት እችል ነበር። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ብለሽኛል» አልኳት።

ጣቃውን አስቀመጠች። «ምን ልበልሽ? እንዳይነገር ተፈርሟል። አንቺ ደግሞ ምክንያቱን ራስሽ ይዘሽ መጣሽ።»

ይዤ የመጣሁትን ምክንያት ነው ተቀብላ ለስድስት ዓመት ያስቀመጠችልኝ። ማስታወስ የምችለው ከሱቁ ስወጣ ጉልበቷን እንዳልጠየቅኋት ብቻ ነው።

የክርስትና አባቴን ቤታቸው አገኘኋቸው። ገና ስገባ ገባቸው። ሰበብ አላበዙም። ሁለት ሰው ቤተሰብ ከሚያፈርስ ይህ ይሻላል ብዬ አስቤ ነበር፣ የእናንተም ቤት አልፈረሰም፣ አሉኝ። ያ እውነት ነው፤ ማንም አልተከሰሰም፣ ሱቁ አልተሸጠም፣ እኛም ትምህርት አላቋረጥንም። ስለ ድንጋዩ ስጠይቃቸው ግን ድምፃቸው ተሰበረ። «ምስጢሩን ማውጣት አልቻልኩም። ቀላሉን ድንጋይ መርጬ ነው ያሸከምኩሽ» አሉኝ። ይህን ሲናገሩ የሚያጽናናኝ መስሏቸው ነበር። እጃቸውን ስሜ ወጣሁ፤ ለምን እንደሳምኩ አላውቅም። ልማድ ይሆናል።

በሳምንቱ ቴፒ ወረድኩ። ሳልደውል ነው የሄድኩት። የቡና ለቀማ ጊዜ ስለነበር አባቴ እሸቱን ማድረቂያ አልጋ ላይ እያሰጣ አገኘሁት። ደስ አለው። ወረቀቱን ማየቴን ስነግረው ከእጁ ላይ የቡናውን ጭማቂ በሱሪው ጠረገና ተቀመጠ።

ያን ቀን በጭቃ የመጣኸው ውሉ ስላስገደደህ ነው ወይ፣ ብዬ ጠየቅሁት። አሰበ። አልዋሸኝም። «አላውቅም ልጄ። አንዳንዱ ቀን ወድጄ እመጣ ነበር፤ አንዳንዱ ቀን ፈርሜአለሁና ብዬ። የቱ የቱ እንደሆነ አልለየሁትም» አለ። የውሉ ጊዜ ሲያልቅ ደግሞ ደክሞት እንደነበር ነገረኝ። የሚስቱን ፊት ሳያይ እሷ ያቀረበችውን መብላት፣ በገዛ ቤቱ ሳሎን መተኛት፣ በቤተ ክርስቲያን ተሰልፎ መቀመጥ፤ አሥራ አንድ ዓመት። አሥራ ስምንት ሲሞላሽ ከእስር የተፈታሁ መሰለኝ፣ አለ።

«ታዲያ ስንበረከክልህ ለምን አልተናገርክም?»

ቡናውን እያየ መለሰልኝ። «እውነቱን ልንገርሽ፤ ደስ ብሎኝ ነበር። እናቴ ከዚያ ቤት ተመልሳ ሞታለች። ከዚያ ቤት መጥቶ ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ።»

እኔ የጠየቅሁት የእኔን ነበር። እሱ የተቀበለው የእናቴን ነው። ይህን ነገርኩት። አዎ፣ አለ። ምሳ ብዪ ሲለኝ እምቢ አልኩ፤ እስከ መናኸሪያ ሸኝቶኝ ሚኒባሱ እስኪሞላ በመስኮቱ በኩል ቆመ።

ለትልቁ ወንድሜ ሐዋሳ ደወልኩለት። እሱም አላወቀም ነበር፤ ግን እንደ እኔ አልጎዳውም። ከፍቺ አይሻልም ታዲያ፣ አለኝ። ለእሱ ይሻል ይሆናል። ያቺ ወላጆቿ የተፋቱባት ጓደኛዬ አባቷ ሳይመጣ ሲቀር የማን ጥፋት እንደሆነ ታውቅ ነበር። ተናደደችበት፣ አለቀሰች፣ ኋላ ታረቁ። እኔ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ፣ ሦስት አዋቂዎች እውነቱን እያወቁ፣ ላልሠራሁት ነገር አንገቴን ዝቅ አደረግሁ፤ አንዱ ድንጋዩን ጫነ፣ አንዱ አወረደ፣ አንዷ ቤት ሆና ጠበቀች።

ከዚያ በኋላ አማን ቤት ተከራይቼ ወጣሁ። ካርታው ታደሰ፤ አባቴ መጥቶ ፈርሟል፣ ያን ቀን ሥራ ነበርኩ። እናቴን በሳምንት አንዴ አያታለሁ፤ የጉልበቷን መድኃኒት እኔው ነኝ የምወስድላት። ስለዚያ ነገር ግን አናነሳም። አባቴ ሲደውል አነሳለሁ፤ እኔ መደወል ትቻለሁ። ቂም ነው ወይ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። እንደሚመስለኝ ከቂም ይልቅ ድካም ነው።

በቅርቡ ከእናቴ ሱቅ ፊት ለፊት የምትሸጥ ጎረቤታችን፣ ከጅማ በኩል የመጣች ደግ ሴት፣ ለመድኃኒት እኛ ጋ መጣች። እንደ ወትሮዋ አባትሽ እንዴት ነው፣ ሥራ አላስመጣው አለ አይደል፣ አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ አዎ ስል ኖሬአለሁ። ያን ቀን ግን፣ «እሱና እናቴ ከተለያዩ አሥራ ስምንት ዓመታቸው ነው» አልኳት።

መድኃኒቱን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች ነበር። ቀና ብላ በሐዘኔታ አየችኝ።

«እሱንማ እናውቃለን የእኔ ልጅ። አንቺ ጆሮ እንዳይደርስ ነበር የምንጠነቀቀው» አለች።

አወሳሰዱን ነገርኳት፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ከምግብ በኋላ። አመሰገነችኝና ወጣች። ቀጥሎ የነበረው ሰው ወረቀቱን ሰጠኝ።