በጽጌ ጾም በመንዝ ዳገት

ከደብረ ብርሃን መነሻ

ከሙላቷ ጋር መንዝ የወጣነው አገር ለማየት አልነበረም። እግሯን ለማስፈተን ነበር። ሙላቷ የክለብ ጓደኛዬ ናት። ደብረ ብርሃን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን፣ በአንድ ብርድ ልብስ እየተጓተትን የምንኖር ሁለት ሯጮች ነን። የቀኝ እግሯ ጅማት ተጎድቶ ብዙ ወራት ስታነክስ ከርማ በክረምቱ መጨረሻ ዳነች። አሰልጣኛችን ግን መዳኗን አላመኑም።

«አንድ ሳምንት መንዝ ሂጂ» አሏት። «በየቀኑ አንድ ዳገት፣ ከሥሩ እስከ አናቱ፣ ሳትቆሚ። እግርሽ ከቻለ ቦታሽ ያንቺ ነው። ካልቻለ ለሌላ ልጅ እሰጠዋለሁ፤ እንዳትቀየሚኝ።»

ወደ እኔ ዞረው ደግሞ «አንቺ አብረሻት ሩጪና ያየሽውን ሳትቀባቢ ንገሪኝ» አሉ። እንዲህ ያለውን ነገር ለእኔ የሚሰጡኝ እንደ ልቤ ስለምናገር ነው። ሙላቷ «ጉድ ፈላ!» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም። ከክለቡ ከወጣች ወደ ዘመሮ ገጠር፣ ወደ እናቷ ቤት ከመመለስ ሌላ መንገድ አልነበራትም። እዚያ ደግሞ የሚጠብቃት የታጨላት ባል እንጂ ሩጫ አይደለም።

ዓርብ ማለዳ መናኸሪያ ተገኘን። አውቶቡሱ ጣርማ በር ላይ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ በመዘዞና በሞላሌ በኩል ሲንገጫገጭ ዋለ። ጭጋጉ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ገደሉን ስለሸፈነልን እግዚአብሔርን አመሰገንሁ። ከፊታችን የተቀመጡ ሰውዬ አንድ በግ እግራቸው ሥር አስተኝተው ነበርና በጉ በየጉብታው ጫማዬን እየረገጠ መሐል ሜዳ ደረስን። አልጋ በአሥር ብር ያዝን። ባለቤቷ እትዬ ወርቅነሽ ሁለት ወፍራም ባና ደራርበው ሰጡን። የመንዝ ብርድ ከዚያ ሁሉ የበግ ጠጉር በታች ገብቶ አጥንት ይፈልጋል።

ጓሳ

ቅዳሜና እሑድ የሮጥነው ወደ ጓሳ በሚወስደው ዳገት ነው። ሣሩ በውርጭ ነጥቶ፣ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል እዚህም እዚያም ተገትሮ፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከገደሉ አፋፍ ሣር እየነጩ ያዩናል። አየሩ ስስ ነው፤ ሁለት ጊዜ ተንፍሶ አንድ ጊዜ እንደ መተንፈስ ይቆጠራል። እኔ ከግማሽ በላይ ስደርስ ሳንባዬ ተቃጠለ። ሙላቷ ግን ወደ ላይ እንደተወረወረ ነገር ነበረች። አናቱ ላይ ቆማ ኮዳዋን እያንቆረቆረች ጠበቀችኝ።

«እግርሽስ?» አልኳት።

«የትኛው?» ብላ ሁለቱንም አነጠረቻቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላም እንዲሁ ሆነ። ማታ ለአሰልጣኙ የምነግረውን በሆዴ አዘጋጅቼ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ያን ጊዜ ሞባይል ስልክ መሐል ሜዳ አልደረሰም እንጂ ያኔውኑ እደውልላቸው ነበር።

የግሼ መንገድ

ሰኞ ሌላ ሰው ሆነች። የግሼን አቅጣጫ ይዘን ከወንዝ ዳር ስንነሳ ከእኔ ኋላ ቀረች። ሙላቷ ከእኔ ኋላ ስትቀር አይቼ አላውቅም። «እግርሽ ነው?» ስላት «አይደለም» ብላ ራሷን ነቀነቀች። አናቱ ላይ ስንደርስ ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ተሰነጣጥቋል። ኮዳዋን አፏ ላይ አድርጋ አወረደችና ከደነችው።

ማክሰኞ ባሰ። ጠዋት እትዬ ወርቅነሽ በሶ ሲያቀርቡልን «መንገድ ላይ እበላዋለሁ» ብላ ድርሻዋን ጭብጦ አድርጋ በፌስታል ቋጠረች። ዳገቱ መሐል የእርሻቸውን ካብ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ሲያዩን ድንጋዩን ጥለው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መንገዱ ላይ ቆሙ።

«ማን ሞተ? ተናገሩ እንጂ ልጆቼ!»

በዚያ አገር ሰው በጠዋት ከሮጠ ወይ መርዶ ይዟል፣ ወይ በግ ተሰርቆበታል። እኔ ቆሜ «ኧረ ማንም አልሞተም አባባ፣ ልምምድ ነው» አልኋቸው። ሙላቷ መቆም ስለማይፈቀድላት በጎን አልፋቸው ሄደች። ሽማግሌው በዓይናቸው ሸኟትና «ያቺኛይቱስ ራሷ ልትሞት ነው» አሉኝ። ሳቅሁ፤ ነገር ግን ሳቄን ሳልጨርስ ወደ ላይ ሮጥሁ።

የዚያን ቀን ከሰዓት በጭነት መኪና ወደ ቀየት ስንሄድ ኮዳዋን ጭኔ ላይ አገኘሁት። ጠዋት ከሞላሁላት አንድ ጉንጭ አልጎደለም። መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ግን የማስበው ስለ እግሯ ብቻ ስለነበር ውሃው አላሳሰበኝም።

የቀየት ዳገት

ረቡዕ የሮጥነው ከቀየት በታች ካለው ሸለቆ ወደ ላይ ነው። ፀሐዩ ከጀርባችን ነበር። ገብሱ ቢጫ ሆኖ፣ ጠጠሩ እየተንሸራተተ፣ እኔ የሙላቷን ተረከዝ እያየሁ እከተላለሁ። ተረከዙ ቀጥ ብሎ ያርፋል። አያነክስም። «እግሯ ድኗል፣ ታዲያ ምን ሆነች?» እያልሁ ሳሰላስል ተረከዙ ከዓይኔ ጠፋ።

በደረቷ ወድቃ ነበር። ገልብጬ ሳያት ዓይኗ ነጩ ብቻ ይታያል። ጮህሁ። እንዲህ አድርጌ ጮሄ የማውቅ አይመስለኝም። ገብስ እርሻ ውስጥ ወፍ ይጠብቁ የነበሩ አንዲት እናት ቅል ውሃ ይዘው እየሮጡ መጡ፤ ፊቷን ረጯት። ስትነቃ ቅሉን ከንፈሯ ላይ አደረጉት። ሙላቷ ጥርሷን ገጠመች።

«ጠጪ እንጂ የኔ ልጅ!»

«ገና ነው» አለች።

«ምኑ ነው ገና?» አልኋት።

«ዘጠኝ ሰዓት።»

እናትዮዋ ቅሉን መለሱ። እርሳቸው ወዲያው ገባቸው። «ጽጌን ይዛ ነው» አሉኝ። «ያውም ውሃ ሳትቀምስ። አይ አንቺ ልጅ!»

ጽጌን ጹሚ ብሎ ማንም አያስገድድም፤ የፈቃድ ጾም ነው። ሙላቷ ግን እግሯ የታመመ ጊዜ ተስላ ነበር። «እመቤቴ ከማርሽኝ ጽጌን በየዓመቱ ውሃ እንኳ ሳልቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾምልሻለሁ» ብላለች። ቅዳሜና እሑድ እንዲያ ያበረራት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ተገለጠልኝ። በሁለቱ ቀን እስከ ዘጠኝ አይጾምም፤ ከቅዳሴ በኋላ በልታ ጠጥታ ነው የሮጠችው።

ቱግ አልሁ። «ልትገድዪኝ ነው? አሰልጣኙን ምን ልላቸው ነበር? ሬሳሽን ተሸክሜ ልገባ?»

«አፌን ከከፈትሁ እግሬ ይሄዳል» አለች። እንባ አልነበራትም፤ እንባ የሚሆን ውሃ ከየት ይምጣ? «የሰጠችኝ እሷ ናት። ቃሌን ካጠፍሁ ትወስደዋለች። እግሬን ከማጣ መውደቁ ይሻለኛል።»

እኔም የማርያም ልጅ ነኝ፤ «አትወስድም» ብዬ ልምል አልደፈርሁም። «መንገደኛና ሕመምተኛ እኮ ይፈቀድለታል» ብላት «ስለት ነው፣ የነፍስ አባቴ ካልፈቱኝ አልችልም» አለች። እናትዮዋም «እሱ እውነት ነው» ብለው ከእሷ ጋር ሆኑ። ደግፈው አስነሷት። ያልጠበቅሁት ነገር፣ ከቆመች በኋላ ቀሪውን ዳገት መሮጥ ጀመረች። እየተንገዳገደች፣ እኔም እጄን ከወገቧ ኋላ ዘርግቼ፣ ሳልነካት። እናትዮዋ ከታች ሆነው «በስመአብ!» ሲሉ ይሰማኛል። ቀኑን ሙሉ የፀሐይዋን መውረድ ስጠባበቅ ዋልሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የመጀመሪያውን ጉንጭ ውሃ ዋጠች።

ዘመሮ

የነፍስ አባቷ መምሬ ሽፈራው ዘመሮ አጠገብ ያገለግላሉ፤ እኛም ረቡዕ ማታ ዘመሮ ገብተን አደርን። ሐሙስ ማለዳ መኪና እስኪገኝ እንድትጠብቅ ለመንኋት፤ እምቢ አለች። የዕለቱ ዳገት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወጣው እንዲሆን ራሷ ወሰነች። ከሥሩ ተነሳን። በእግሬ እየሮጥሁ በአፌ «እመቤቴ፣ እመቤቴ» እላለሁ። ለምን እንደምለምናት አላውቅም፤ ስለቱን እንድትቀበል ነው ወይስ እንድትተው?

ሁለት ጊዜ ከመንገዱ ወጣች። ሁለት ጊዜ በእጅጌዋ ስቤ መለስኋት። አልቆመችም። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በር ላይ ስትደርስ ደፉን ለመሳለም እንደጎነበሰች እዚያው ተዘረጋች።

መምሬ ሽፈራው ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ ጥምጥማቸው ከራሳቸው ይከብዳል። ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጠውን ሁሉንም ከእኔ ሰሙ፤ እኔ እንደሆንሁ አንድም አላስቀረሁም። ሰምተው ሲጨርሱ ወደ ሙላቷ ዞሩ።

«ይህን ስለት ስትሳዪ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ይከለክሉኛል ብዬ፣ አባቴ።»

«እከለክልሽ ነበር።»

«ይፍቱኝ እንጂ። ግን... እግሬስ?»

ዝም ብለው «ፈትቼሻለሁ» ቢሏት እንደማታምን አውቀዋል መሰለኝ። ፍርሃቷ ዓይኗ ላይ ነበር።

«እንዲህ ይሁን» አሉ። «ስለቱን ለእኔ ስጪኝ። የቀረሽን ቀን ሁሉ እኔ እጾመዋለሁ።»

«እርስዎማ እየጾሙ ነው!»

«ይሄ የራሴ ነው። ያንቺን ቁስቋም ሲሆን እጀምረዋለሁ። ጽጌ ከወጣ እስከ ገና ጾም መግቢያ ያለውን ለአንቺ።»

የጾም አቆጣጠር ለማያውቅ ሰው ይህ ቀላል ይመስላል። በጽጌና በገና ጾም መሐል ያለችው ፍስክ ከእጅ መዳፍ አትሰፋም። ዓመቱን በጾም ለሚያሳልፍ ሽማግሌ ቄስ ወተትና ሥጋ ከሚቀምስባቸው ጥቂት ቀናት መሐል ናት። ያቺን ነው የሰጧት። ሙላቷ ይህን ከእኔ በፊት ተረድታ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«አይሆንም አባቴ!»

«ተነሺ። ስለቱ የእኔ ከሆነ ቢጓደል የምጠየቀው እኔ ነኝ። እግር ከተወሰደም የእኔ ይወሰድ። እኔ ወዴት እሮጣለሁ?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ለወጡት። «አሁን ብዪ። በቃሌ ነው የማዝሽ። ነገም ዓርብ ብትሆን ጠዋት ቆሎሽን ቆርጥመሽ፣ ውሃሽን ጠጥተሽ ሩጪ።»

መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አሳረፉ። ዲያቆኑ የገብስ ዳቦና ውሃ አመጣ። ሙላቷ ዳቦውን ይዛ በጣም ቆየች። እኔ ትንፋሼን ይዤ የእግሯን ጣቶች አያለሁ፤ እውነት ለመናገር፣ ዳቦው ሲዋጥ እግሯ የሚዞር መስሎኝ ነበር። ጎረሰች። እግሯም እንደነበረ ነበር።

ገደሉ አፋፍ

ዓርብ የመጨረሻውን ዳገት ሮጥን። ከዘመሮ ምዕራብ መሬቱ በድንገት ያልቃል፤ ገደሉ ወደ ወንዙ ይወርድና ከማዶ የመርሐቤቴ አምባዎች ጭስ ለብሰው ይታያሉ። ወደ ታች ለመውረድ ብቻ ረጅም ጊዜ ወሰደብን። ቀና ብዬ የምንወጣውን ሳይ ለራሴ ፈራሁ። ሙላቷ ቆሎዋን ቆረጠመች፣ ከኮዳዋ ጠጣች፣ አፏን በእጅጌዋ ጠረገች። ተነሳን። መጀመሪያ በፍርሃት፣ እያንዳንዱን እርምጃ እየመረመረች ነበር የምትሮጠው። ግማሽ ላይ ስንደርስ ረሳችው። ከዚያ በኋላ እኔ ያየሁት አቧራዋን ነው። አፋፉ ላይ ስደርስ ፊቷን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙራ ተንበርክካ አገኘኋት፤ ስለዚህ ጮክ ብዬ መሳደቤን ተውሁት።

ወደ ቤት

ቅዳሜ በሚኒባስ ደብረ ብርሃን ገባን። ሰኞ ለአሰልጣኙ ሳልቀባባ ነገርኋቸው፤ ረቡዕ ወድቃለች፣ ሩጫዋን አቋርጣለች አልሁ። ሙላቷ ከጎኔ መሬት መሬት ታያለች።

«እግሯ ነው የጣላት?» አሉ።

«የለም፣ ጥም ነው» ብዬ የቀረውን ጨመርሁላቸው።

ከዚያ እኔ እንኳ የማልደፍረውን ስድብ አወረዱባት። «ሕይወትሽ ቢያልፍስ? ሁለተኛ ስትሳዪ መጀመሪያ ለእኔ ትነግሪኛለሽ!» እያሉ ትጥቋን ከቁም ሣጥን አውጥተው እላይዋ ላይ ወረወሩት፤ ቦታዋ ተመለሰላት።

ከዚያ ጉዞ የተማርሁት ስለ ዳገት አይደለም። ሰባት ቀን ሙሉ የአንዲት ጓደኛዬን እግር ስጠብቅ ፊቷን አላየሁም ነበር። እግሯ እንዳላነከሰ ምስክር ነኝ፤ መጠማቷን ያወቅሁት ግን ከወደቀች በኋላ ነው። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ቁስቋም ደረሰ። አከራያችን ቅቅል በሳህን ላኩልን። ሰፈሩ በሙሉ ሥጋ ሥጋ ይሸታል። ሙላቷ እጇን ታጠበችና ሳህኑ ፊት ተቀመጠች። እጇ ግን አልተዘረጋም።

«ዛሬ ጀመሩ» አለች።

ማን እንደሆኑ አልጠየቅኋትም። «ብዪ ብለውሻል» አልኋት። እያለቀሰች በላች። ሥጋውን ሁሉ ወደ እሷ ገፋሁላትና እኔ ምንም ሳልቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆየሁ።